ጥሩምባ የተነፋለት ረቂቅ

መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወርደው ሰፈር፣ ሰኔ ሲገባ ሰው ሁሉ የየራሱ ጭንቀት አለው። ጣራው የሚያፈስበት ቆርቆሮ ያፈላልጋል። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተንበት ስለት ይሳላል። አጥሩ ወንዝ ዳር የሆነበት ደግሞ ጆንያ በአሸዋ እየሞላ ይደረድራል። እትዬ ተናኘ ግን ጣራዋ ደህና ነው፤ ልጇ ሄርሜላም ተምራና ተድራ ለቡ ኮንዶሚኒየም ከገባች ቆይታለች። እሷን ሰኔ የሚያስጨንቃት በሌላ ነው። ምክር ቤቱ ሰኔ ሠላሳ ለክረምት ይዘጋል፤ ያልጸደቁት ረቂቆቿም እስከ ጥቅምት ደጅ ሊያድሩ ነው።

«ረቂቆቿ» ያልነው አምልጦን አይደለም። እሷ አላረቀቀቻቸውም፣ አታጸድቃቸውም፣ ምክር ቤት ውስጥም በጎብኚ ወንበር እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። ነገር ግን ስለ አየር፣ ስለ ውሃ ወይም ስለ ቆሻሻ አንድ ረቂቅ አዋጅ ቀረበ ከተባለ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጇ ነው። ስም ሳይቀር ታወጣለታለች። የፌስታሉ አዋጅ «ላስቲኩ» ይባላል፣ የመኪናው «ጭሱ»፣ የወንዝ ዳርቻው «ወንዙ»። «ላስቲኩ ለዝርዝር ዕይታ ተመራ» ስትል ፊቷ ላይ የሚታየው፣ ልጇ ክፍል ያለፈላት እናት ደስታ ነው።

ሰፈሩም ለምዷታል። ከሥራ የሚመለስ ሁሉ በራፏን ሲያልፍ «እትዬ ተናኘ፣ ወንዙ እንዴት ዋለ?» ይላታል። «ኮሚቴ ገብቶ አልወጣም» ትላለች። አንዲት አዲስ ተከራይ ይህን ሰምታ፣ ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ መስሏት፣ «እግዜር ይማረው» አለቻት። እትዬ ተናኘም ለማስረዳት አልደከመችም፤ «አሜን» አለች። ምሕረት ለማን ይከፋል?

ይህ ነገር ዝም ብሎ አልመጣባትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት። አለቆች ተነሡ፣ አለቆች ተሾሙ፤ እሷ ከጠረጴዛው ጫፍ ቁጭ ብላ ማን ምን እንዳለ ጻፈች። ሰው የተናገረውን የሚክድ ፍጡር መሆኑን እዚያ ነው የተማረችው። «ያልተጻፈ ነገር አልተባለም» ትላለች፤ ይህን ስትል ደግሞ የዋዛ አይደለችም፤ ሄርሜላ ልጅ ሳለች የገባችውን ቃል ሁሉ ቀን ጽፋ ታስፈርማት ነበር። ጡረታ ስትወጣ የተረፋትን ትልቅ ባለ አረንጓዴ ሽፋን መዝገብ ለረቂቆቹ መደበችው። የሰፈሩ እድርም ይህን እጇን አይቶ ጸሐፊው አደረጋት። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ ሁለት መዝገብ አለ፤ አንዱ የሟቾች፣ አንዱ የረቂቆች።

ሰኞ ሰኞ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ትደውላለች። ስልኩን የምታነሣው ኤሌኒ የምትባል ወጣት ናት። መጀመሪያ ሰሞን ኤሌኒ እንደ ደንቧ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከመካኒሳ።»

«መካኒሳ የትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ቤቴ» አለች እትዬ ተናኘ።

ኤሌኒ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በሦስተኛው ዓመት ግን ስልኩን ስታነሣ «እማማ፣ አልወጣም» ብላ ነበር የምትጀምረው፤ ከዚያ በኋላ ነው እንደምን አደሩ የሚባለው።

ከሁሉም ረቂቆች «ወንዙ» የበኩር ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ተጠብቋል። ተጀምሮ ቀርቷል፣ ስሙ ተቀይሮ መጥቷል፣ ኮሚቴ ገብቶ ኮሚቴው ራሱ ፈርሷል። እትዬ ተናኘ ከመንዝ ተድራ እዚህ ሰፈር ስትመጣ፣ ከዚህ ወንዝ ውሃ ቀድታ ነበር የምታበስለው። ዛሬ ውሃው የሳምንቱን ቀን ይናገራል፤ ማክሰኞ ቀላ ብሎ ይወርዳል፣ ሐሙስ ሰማያዊ ነው፣ እሑድ ላይ የሠራተኛ ዕረፍት ስለሆነ መሰለኝ ግራጫ ብቻ ይሆናል። ሽታው ግን ዕረፍት የለውም። ረቂቁ ከላይ በኩል ፍሳሽ የሚለቀውን ሁሉ ይቀጣል፤ ይህን ሰምታ እንዴት እንቅልፍ ይውሰዳት?

እዚያው ወንዝ ዳር ነው ከገዲሴ ጋር የተዋወቁት። ያኔ ሁለቱም አዲስ ሙሽሮች ነበሩ፤ አንድ ድንጋይ ላይ ልብስ ሲያጥቡ ሳሙና ተበዳድረው ወዳጅ ሆኑ። የገዲሴ ቤተሰብ ከተማው ሳይመጣ በፊት እዚህ አገር የነበረ ነው፤ አባቷ ከወንዙ እስከ ዛሬው አስፋልት ድረስ ያርስ ነበር። ከተማው እየመጣ፣ እየመጣ፣ የቀራት ከአጥርና ከወንዝ መካከል የተጋደመች አንዲት ቀጭን መሬት ናት። እዚያ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ታበቅላለች፤ ልጇ ለቡ ወስዳ ትሸጣለች፤ ቤቱ የሚኖረው በዚያ ነው።

ገዲሴ ማንበብ አትችልም። ማንበብ ባትችልም ሰው ማንበብ ታውቃለች፤ ይህ ኋላ ይመጣል። የግብር ወረቀት ቢሆን፣ የልጅ ልጆቿ የትምህርት ቤት ውጤት ቢሆን፣ ከወረዳ የመጣ ማስታወቂያ ቢሆን፣ ይዛ የምትመጣው ወደ ተናኘ ነው። «ያ ተኑ፣ ማሎ፣ ምን ይላል?» ትላለች ኦሮምኛዋን እየቀላቀለች፤ ተናኘ መነጽሯን አድርጋ ታነብላታለች። አርባ ዓመት ሙሉ ወረቀት የሚባል ነገር ለገዲሴ በተናኘ ድምፅ ነው የተናገራት።

ገዲሴም በተራዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ እስር ጎመን ታመጣላታለች። እዚህ ላይ አንድ ምስጢር አለ፤ ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተያዘ። ተናኘ ያንን ጎመን ከበላች ስድስት ዓመት አልፏል። ሐሙስ ሰማያዊ የሆነ ውሃ የጠጣ ጎመን እንዴት ተደርጎ ይበላል? ለወዳጅ ደግሞ «ጎመንሽን አልፈልግም» አይባልም። እናም ተቀብላ፣ አመስግና፣ ገዲሴ ጥጉን እንደዞረች ለጎረቤት በግ ትሰጠዋለች። በጉ ቅዳሜን ያውቃል።

እንግዲህ መጋቢት ላይ የረቂቁ ሙሉ ጽሑፍ ወጣ። ሄርሜላ አሳትማ አመጣችላትና ተናኘ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ለገዲሴ ታነብላት ጀመር፣ አንቀጽ በአንቀጽ። ፍሳሽ የለቀቀ ይቀጣል ሲል ገዲሴ «ኤዬ! ደግ አለ!» እያለች ጭኗን ትመታለች። አንቀጽ አሥራ አንድ አለቀ። ተናኘ ገጹን ገለጠች፤ ዓይኗ ከአፏ ቀደመ።

አንቀጽ አሥራ ሁለት፤ ከወንዙ ዳር ሠላሳ ሜትር ክልል ውስጥ ማንኛውንም ለምግብ የሚውል ሰብል ማልማት የተከለከለ ነው።

የገዲሴ መሬት ወርዱ ሃያ ሁለት ሜትር ነው። ተናኘ ይህን ታውቃለች፤ ራሷ ናት ለግብሩ የጻፈችላት።

ሳል ያዛት። የእውነት አሳላት ማለት ሳይሆን፣ ሆን ብላ ነው የሳለችው። ከዚያ ሁለት ገጽ በአንድ ጣት አነሣችና «አንቀጽ አሥራ ሦስት» ብላ ቀጠለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሚኒስትር ስድብ ሳይቀር አንድ ቃል ሳታጎድል የጻፈች ሴት፣ የገዛ ወዳጇ ፊት አንድ አንቀጽ ዘለለች።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ «ዛሬስ ደስ ብሏታል፤ ነገ እነግራታለሁ» አለች። ነገ «ከነገ ወዲያ» ሆነ። ፋሲካ መጣ፤ በዓል ነው ብላ ተወችው። ግንቦት መጣ፤ ኮሚቴው ያርመው ይሆናል አለች። አራት ወር እንደዚህ አለፈ። በአረንጓዴው መዝገብ ላይ እንኳ የአንቀጽ አሥራ ሁለት ቦታ ባዶ ሆኖ ተቀመጠ፤ መጻፍ ያቃታት የመጀመሪያዋ ነገር ይህች ናት።

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌኒ ራሷ ደወለች።

«እማማ፣ ወንዙ ሊወጣ ነው! ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የሕዝብ ውይይት አለ፤ እናንተው ወረዳ አዳራሽ ነው። ግን ስሙኝማ፣ ማስታወቂያው ዘግይቷል። ሰው ካልመጣ ሠላሳ የቢሮ ሰው ተቀምጦበት ‘ሕዝቡ ተወያይቷል’ ተብሎ እንዳለ ነው የሚያልፈው።»

እንዳለ! አንቀጽ አሥራ ሁለትን እንደያዘ ማለት ነው። ተናኘ ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ጋሽ ዱጉማ ቤት ወጣች።

ጋሽ ዱጉማ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቶ ከላይ እስከ ታች ሰፈሩን እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። የምትለውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩምባ ለሞት ነው ተናኘ። ለስብሰባ ተነፍቶ አያውቅም። አባቴም አልነፋ፣ እኔም አልነፋ።»

«ላሞችህን ምን ገደላቸው ዱጉማ?» አለችው።

ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሩት፤ ከዚያ ወንዝ ጠጥተው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው ያለቁት። ጋሽ ዱጉማ ጥሩምባውን ከግድግዳው አውርዶ በጋቢው ጫፍ ይወለውለው ጀመር።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ጥሩምባው ተነፋ። ጋሽ ዱጉማን ለመውቀስ ማንም አይችልም፤ ያለውን በትክክል ነው ያለው። «የወንዛችን ጉዳይ! ሦስት ሰዓት! ወረዳ አዳራሽ! የወንዛችን ጉዳይ!» ጉሮሮው እስኪደርቅ ለፈፈ። ችግሩ የመካኒሳ ሰው ጥሩምባ ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም። ጥሩምባ ማለት ሞት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ሰዓቱና ቦታው ብቻ ነው። ቦታው ወረዳ አዳራሽ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። «አስከሬኑ አዳራሽ የሚያርፍ ከሆነ ትልቅ ሰው ነው» ተባባለ ሰፈሩ፤ ጥቁር ልብሱንም ከሣጥን አወጣ።

እትዬ ተናኘ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ በወረዳው ግቢ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ትልቁ ድስት መጥቷል። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ወንዱ ጋቢውን ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን እየመጠጠች ጠጋ አለቻትና «ተናኘ፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ማን ነው ግን የሞተው?» አለቻት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ነገሩን አስረዳች። ማንም አልሞተም፤ ስለ ወንዙ ልንነጋገር ነው የተጠራነው አለች። ሕዝቡ አጉረመረመ። «በጥሩምባ ይቀለዳል እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ጋቢውን አስተካክሎ ሊነሣ ዳዳው። ያኔ ተናኘ ከቦርሳዋ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? የእድሩን መዝገብ።

«ደንባችን ግልጽ ነው» አለች መዝገቡን እየገለጠች። «ጥሩምባ ተነፍቶ ያልተገኘ ቀሪ ነው። ደንቡ ‘ለማን ተነፋ’ አይልም። ስም ልጠራ ነው።»

ስም ጠራች። ሰዉም አንድ በአንድ «አቤት» እያለ ቁጭ አለ። ይህን ሰፈር የሚያውቅ ሰው አይገርመውም፤ ምክር ቤት ቢቀሩበት ምንም አይደል፣ እድር ግን መጨረሻ ላይ የሚቀብር ነው።

የኮሚቴው ሰዎች ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። ሰብሳቢው ፀጉራቸው በመጠኑ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከመኪናቸው ወርደው ድንኳኑን፣ ድስቱንና የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ክው አሉ። አዳራሹ ከሞላ በኋላ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ሐዘን በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «ሐዘን ላይ ሆናችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፤ ለተለዩን ወገናችን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ» አሉ።

ሁሉም ተነሣ። ማን ይከልክላቸው? አንድ ደቂቃ ሙሉ ሁለት መቶ ሰው ለማን እንደሆነ ሳያውቅ በጸጥታ ቆመ። በክፍቱ መስኮት የወንዙ ሽታ ይገባል።

«ሟቹ ማን ነበሩ?» አሉ ሰብሳቢው ሲቀመጡ።

ጋሽ ዱጉማ ከኋላ ተነሣ። «ወንዙ ነው ጌታዬ» አለ። «ዛሬ ነው የተለፈፈለት እንጂ ከሞተ ቆይቷል።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አገላበጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት እንደ ሌላው ቀን ዓይነት አልነበረም። ሰው ሦስት ሦስት ደቂቃ ተሰጠው፤ ስለ ልጁ ሽፍታ፣ ስለ ትንኙ፣ ስለ ክረምቱ ጎርፍ ተናገረ። ኤሌኒ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ተናኘ በድምፅ ብቻ የምታውቃትን ልጅ ያን ቀን በመልክ አየቻት፤ ያሰበቻትን ያህል ረጅም አይደለችም።

ተራው የተናኘ ሆነ። ገዲሴ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው መደዳ ላይ ተቀምጣለች። ተናኘ ወረቀቷን ገለጠችና አንቀጽ አሥራ ሁለትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን አዋጅ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ» አለች። «እዚህ ካለው ሰው ሁሉ እኔን የሚያህል የሚፈልገው የለም። ነገር ግን ይህቺ አንቀጽ የወዳጄን የገዲሴን መሬት ትወስዳለች፤ ሃያ ሁለት ሜትር ናት፣ አንድም አይተርፋት። የት ትሂድ የሚል ቃል የለበትም።» ወደ ገዲሴ ዞረች። «ገዲሴ፣ መጋቢት ላይ ሳነብልሽ ይህቺን ዘልዬብሻለሁ። አራት ወር ደብቄሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ሰብሳቢው ቀስ ብለው፣ «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ» አሉ። «ሰኔ ሠላሳ እንዘጋለን፤ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን። አንቀጹን እንክፈተው ካልን ላይደርስ ይችላል። ጥቅምትም ላይ ሌላ አጀንዳ ይቀድመው ይሆናል። እንዲቆይ ነው የሚሉት?»

ዘጠኝ ዓመት። የማክሰኞና የሐሙስ ውሃ በተናኘ ዓይን ዞረ፤ የዱጉማ ላሞች፣ ሽፍታ የወጣበት የሰፈሩ ሕፃናት እግር። ከዚያ ገዲሴን አየች።

«ይቆይ» አለች።

«አይቆይም!»

ገዲሴ ተነሥታለች። ማይክሮፎን ሊሰጧት ሲሉ በእጇ መለሰችው፤ እርሻ ላይ የሚጣራ ሰው ድምፅ ማይክሮፎን አይፈልግም።

«እኔ ፊደል አላውቅም፤ ቀይ ቀለም ግን አውቃለሁ» አለች። «ሚያዝያ ላይ ልጆች መጥተው በሜትር ለኩ። አጥሬ ሥር ድንጋይ ላይ ቀይ ቀቡ። ለምን ነው አልኳቸው፤ አዋጅ ሊመጣ ነው አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኑ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ነው የቆየሁት።» ተናኘን አላየቻትም። «ደበቀችኝ። እሺ። እኔም የደበቅሁት አለ። ያንን ጎመን እኔ አልበላም። ለልጅ ልጆቼም አላበላም። ለሰው ነው የምሸጠው። በልቤ ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ፣ ምን ልብላ ብዬ እሸጣለሁ። ተኑም አትበላውም፤ በግ ነው የሚበላው። በጉን በአጥር አየዋለሁ፤ ወፍሯል።»

ሳቅ ፈነዳ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሳቁም ቶሎ ከሰመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱም ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመራረቁ ኖረዋል።

«አዋጁ ይውጣ» አለች ገዲሴ። «ውሃው ይዳን። ግን እኔን የት እንደምታደርጉኝ ጻፉበት። አባቴ መሬት ላይ ጎመን አይብቀል ካላችሁ ዛፍ ልትከል፤ እጄ መትከል ያውቃል። ወንዙን ስታድኑ እኔን አትቅበሩኝ። ድንኳኑ ተተክሎ ስላየሁ ነው።»

ተቀመጠች። ሰብሳቢው ብዙ ጻፉ።

ከዚያን ቀን በኋላ ገዲሴ ወደ ተናኘ በራፍ አልመጣችም። እሑድ አልመጣችም፤ ሰኞ ከሩቅ ሰላም አለቻት፣ በአንገቷ ብቻ። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፤ ጎመን የለም። በጉ ከማለዳ እስከ ቀትር አጥሩ ሥር ቆሞ ጮኸ፤ ተናኘም ከበጉ የተሻለ አልሆነችም። አርባ ዓመት የተገነባ ነገር በአንድ የተዘለለ ገጽ ሊፈርስ ነው ወይ እያለች ስትብሰከሰክ ሰነበተች። ሁለት ጊዜ እስከ ገዲሴ አጥር ወርዳ፣ ቀዩን ቀለም አይታ ተመለሰች።

ሰኔ ሠላሳ ቀኑን ሙሉ የምክር ቤቱን ስብሰባ በሄርሜላ ስልክ ስትከታተል ዋለች። ላስቲኩ ከምሳ በፊት ጸደቀ። ጭሱ ወደ ጥቅምት ተላለፈ፤ እሱ ከድሮም ዕድል የለውም። ወንዙ የመጨረሻው አጀንዳ ነበር። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሰው ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ ሳለ፣ ሰብሳቢው ተነሥተው በአንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ አንዲት ንዑስ አንቀጽ መጨመሯን ተናገሩ። ዝርዝሯን ሳትሰማ ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ሲመለስ እጅ እየተቆጠረ ነው። በሁለት ድምፅ ተዐቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ጋሽ ዱጉማ ጥሩምባውን ይዞ ወጥቶ፣ ለደስታ እንዴት እንደሚነፋ ስለማያውቅ ይዞት ቆመ። እትዬ ተናኘ ግን በረንዳዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው እልልታ አፏ ላይ ደርሶ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ኤሌኒ የጸደቀውን ጽሑፍ ላከችላት፤ ሄርሜላ ለቡ አሳትማ አመጣችው። ዝናብ አባርቶ ነበር። ተናኘ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትገልጠው ተቀምጣ ሳለች፣ የግቢው በር ተከፈተ። ገዲሴ ናት። ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፤ እጇ ባዶ ነው። ሰላም ሳትል መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንብቢልኝ» አለች። «ከአንድ ጀምረሽ።»

ተናኘ መነጽሯን አደረገች። ከአንድ ጀምራ አነበበች። ገዲሴ ጭኗን አልመታችም፤ ዓይኗ ከወረቀቱ አልተነሣም፤ ገጽ በተገለጠ ቁጥር በጣቷ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ተናኘ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሠላሳ ሜትር፣ ለምግብ የሚውል ሰብል የተከለከለ ነው፤ ይህ አልተቀየረም። ከዚያ አዲሷ ንዑስ አንቀጽ ቁጥር አምስት መጣች፤ በዚህ ክልል ሲያለሙ ለቆዩ ነባር ነዋሪዎች በዚያው መሬት ላይ የዛፍ ችግኝ የማልማት ቅድሚያ ይሰጣል ትላለች።

ገዲሴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እዚያው ማለት ነው? አባቴ መሬት?»

«እዚያው።»

«ከመቼ ጀምሮ ይላል?»

ከታች አንዲት አጭር መስመር ቀርታለች። ተናኘ አየቻት። «ከመስከረም» ብትል የገዲሴ ፊት እንዴት እንደሚበራ ታየት፤ ክረምቱን በሰላም ታሳልፈዋለች። ሳል ሳል አላት። ዋጠችው።

«ዝርዝሩ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል» ብላ አነበበች። «ቀን የለውም፣ ገዲሴ። መቼ እንደሚወጣ አልተጻፈም።»

ገዲሴ ወደ ወንዙ አየች፤ ሐሙስ ነበር። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ አፈር ያልለቀቀውን መዳፏን በተናኘ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

«ይቺን ዘልለሻት ቢሆን ነበር የምጣላሽ» አለች።